ልብ ከታከመ በኋላ ሳንባ ስለ መቈጣቱና ትንፋሽ ስለ ማጠሩ

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ ወረዳዎች፥ በፋርጣ፥ በእስቴ፥ በጋይንትና በእብናት፥ ልቡ የታመመ ልጅ አይታጣም። ሐኪሙ የልጁን ወላጆች፥ «የልቡ መዝጊያ ስለ ተበላሸ በቀዶ ሕክምና መጠገን አለበት» ባላቸው ጊዜ በሁለት ፍርሃት መካከል ይቆማሉ። አንደኛው ፍርሃት ልጁ ሳይታከም ቢቀር ይሞታል የሚል ነው፤ ሁለተኛውም ደረቱ ተከፍቶ ቢታከም ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ፍርሃት ከንቱ ወሬ አይደለም፤ ልብ ከታከመ በኋላ ሳንባ የሚቈጣበት ትንፋሽም የሚያጥርበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ምክንያቱና መከላከያው ሳይታወቅ ወሬው ብቻ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፥ ሊድን የሚችለው ልጅ ሳይታከም ይቀራል።

በዚህ ትምህርት የሚገለጠው ዋና ነገር ይህ ነው። ልቡ የታከመ ሰው ሳንባው ደኅና ሆኖ እንዲቈይ የሚያደርገው የሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በመንደርና በቤት የሚደረገው ጥንቃቄም ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ አስተማሪው ለተማሪዎቹ፥ ሽማግሌውም ለጎረቤቱ ሊያስረዳው የሚገባ ነገር ነው።

፩. ልብና ሳንባ በአንድነት እንደሚሠሩ

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት፥ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቃል። ብረት በሚቀጠቀጥበት ቦታ ሁሉ ወናፍ አለ፤ ወናፉ ሲነፋ ፍሙ ይግላል፥ ሲቆም ይበርዳል። የሰው ሳንባም እንደ ወናፍ አየርን ይስባል፥ መልሶም ያስወጣል። ልዩነቱ ግን ወናፍ ባዶ ስልቻ ሲሆን፥ ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቈጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች የተመላ መሆኑ ነው። የከረጢቶቹ ግድግዳ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ 70 ሜትር ካሬ ያህል ይሆናል። በዚህም ግድግዳ ላይ ከጠጕር ይልቅ የቀጠኑ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ለሕይወት የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ከአየር ወደ ደም የሚገባው፥ የተቃጠለውም አየር ከደም የሚወጣው በዚህ ስስ ግድግዳ በኩል ነው።

ልብ ደግሞ ደምን የሚያዘዋውር ጡንቻ ነው። ቀኝ ክፍሉ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራ ክፍሉ ከሳንባ የታደሰውን ደም ተቀብሎ ወደ መላው ሰውነት ያደርሳል። ያረፈ ጐልማሳ ሰው ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ደም ሁሉ በሳንባ ውስጥ ያልፋል። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በልብ ውስጥ አራት መዝጊያዎች አሉ፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል።

ከነዚህ መዝጊያዎች በግራ በኩል ያለው ሲጠብ ወይም አልገጥም ሲል፥ ደሙ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ከጉና ተራራ የሚነሡትን የርብንና የጉማራን ውሃ በቦይ የሚጠልፍ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የቦዩ አፍ በደለል ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ያልታሰበውን ማሳ ያጥለቀልቃል። እንደዚሁም የልብ መዝጊያ ሲበላሽ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ይበረታል፤ ውሃም ወደ ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ስለዚህ ልቡ የታመመ ልጅ አስቀድሞ የሚያሳየው ምልክት የልብ ሕመም ሳይሆን የትንፋሽ ማጠር ነው፤ ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፥ ሌሊት ተጋድሞ መተኛት ያቅተዋል፥ ከጨዋታም ወደ ኋላ ይቀራል።

አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ፥ «የደጋ አየር ነው» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፥ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩትን ደገኞች መርምሮ፥ በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ሙላት በአማካይ ከመቶ 95 እንደ ሆነ አገኘ። ይህም በዝቅተኛ አገር ከሚኖረው ጤነኛ ሰው እምብዛም አያንስም። እንግዲህ ጤነኛ የደጋ ልጅ ከደጋው አየር ጋር ተስማምቶ ይኖራል። እኩዮቹ በማያለከልኩበት መንገድ ብቻውን የሚያለከልክ ልጅ ሕመም አለበት፤ ምክንያቱም በሐኪም ሊመረመር ይገባዋል።

፪. የልብ መዝጊያ የሚበላሽበት ምክንያት

በአገራችን የልጆችን የልብ መዝጊያ አብዝቶ የሚያበላሸው ሕመም ከጉሮሮ የሚነሣ ነው። በደጋው ብርድ ስለሚጠና ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ጎጆ ተጠጋግቶ ያድራል፤ በዚህ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሐዋሲ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ ተሐዋሲ የመጣ አይደለም፤ ብዙው በራሱ ጊዜ ይድናል። ከዚህ የመጣው ግን ሳይታከም ሲቀር፥ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ሌላ ሕመም ያስነሣል። ትኩሳት ይመጣል፤ ጕልበት፥ ቍርጭምጭሚትና ክርን በየተራ ያብጣሉ። ሐኪሞች ይህን ሪውማቲክ ትኩሳት ይሉታል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ይበረታል።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሰውነት ተሐዋሲውን ለመውጋት ያሰለፈው ኀይል በስሕተት የገዛ ልቡን ይወጋል። ያበጠው ጕልበት ይድናል፥ ልጁም ደኅና የሆነ ይመስላል፤ የልቡ መዝጊያ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ሕመሙ በተመላለሰ ቍጥር ጠባሳው ይጨምራል።

ጉሮሮው የታመመውን ልጅ እንጥሉን ማስቈረጥ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ልጁን ከማዘን የተነሣ ቢሆንም ተሐዋሲውን አያጠፋውም፤ ደም ያፈስሳል፥ በምላጩም ሌላ በሽታ ሊያስገባ ይችላል። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ነው። ፔኒሲሊን የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ሪውማቲክ ትኩሳት እንዳይመጣ ሊከለክል ይችላል። አንድ ጊዜ በዚህ ትኩሳት ለታመመውም ልጅ፥ ሕመሙ እንዳይመለስ ሐኪም እንዳዘዘው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ይሰጠዋል።

ይህ ሕመም የብዙ አገር ሕዝብ ሕመም ነው። በ2007 ዓ.ም. የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው በሽታውን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስችል የተግባር ምክር አወጡ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጤና ጉባኤ መንግሥታት ሁሉ እንዲከላከሉት ወሰነ።

፫. ልብ እንዴት እንደሚታከም

ልብ ሥራውን ለአፍታ እንኳ ሊያቋርጥ ስለማይችል፥ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ውስጡን ከፍተው ሊጠግኑት አልደፈሩም። ሚያዝያ 28 ቀን 1945 ዓ.ም. ጆን ጊቦን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በፊላደልፊያ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በልብዋ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ደፈነላት። ይህን ሲያደርግ እርሱና ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት መኪና 26 ደቂቃ ያህል የልብዋንና የሳንባዋን ሥራ ሠራላት። መኪናው ደሙን በቱቦ ተቀብሎ ኦክሲጅን ጨምሮበት ወደ ሰውነት ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሐኪሞች መኪናውን እያሻሻሉት ዛሬ የልብ መዝጊያ የሚጠገነውና የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ረዳትነት ነው።

በኢትዮጵያ ልባቸው የታመመ ልጆች ቀድሞ ለዚህ ሕክምና ወደ ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር ለዚህ ብዙ ደከመ፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት ልጆች ብዙ ሺህ ናቸው፤ ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባም ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተራ በሚጠበቅበት ዘመን የታመመው ልብ ሳንባን እየጎዳ ይሄዳል። ስለዚህ ወላጆች ፈርተው ያዘገዩት ልጅ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያገኘው የትንፋሽ ችግር በጊዜው ከታከመው ልጅ ይብሳል። ፍርሃቱ ራሱ የተፈራውን ነገር ያመጣል ማለት ነው።

፬. ሳንባ ስለ ምን ይቈጣል

ቍስል ሲቈጣ ይቀላል፥ ያብጣል፥ ውሃም ይይዛል። ሳንባም ሲቈጣ እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ከውስጥ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳንባ መቈጣትና ለትንፋሽ ማጠር ዋና ዋና ምክንያቶች አምስት ናቸው።

አንደኛ፤ ደም ከሥሩ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ባዕድ ነገር እንደ ነካው ያውቃል። ሰውነትን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላት እንደ መጣ ዘብ ይነሣሉ፤ ብዙዎቹም በሳንባው ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ይሰፍራሉ። በዚያም የሚያፈሱት ኀይለኛ ነገር የሥሮቹን ግድግዳ ያሳሳዋል፤ ውሃም ወደ ከረጢቶቹ ይንጠባጠባል። ሳንባው እንደ ባዘቶ ቀላል መሆኑ ቀርቶ እንደ ረጠበ ባዘቶ ይከብዳል። ለሕመምተኛው የሚሰጠው የሌላ ሰው ደምም አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ መቈጣት ያመጣል።

ሁለተኛ፤ መኪናው በሚሠራበት ሰዓት ሳንባው እንደ ወትሮው አይነፋም። ብዙ ቀን ሳይከፈት የተቀመጠ አቍማዳ ጐኖቹ እንደሚጣበቁ ሁሉ፥ የሳንባው ከረጢቶችም አንዳንዶቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። አየር ያልገባበት ከረጢት ደምን አያድስም።

ሦስተኛ፤ ወደ ልብ ለመድረስ የደረት አጥንት በመጋዝ ይከፈላል፥ በኋላም በሽቦ ይታሰራል። ሕመምተኛው ሲነቃ ስለሚያመው በረዥሙ መተንፈስና ማሳል ይፈራል። ያልተሳለ አክታ በሳንባ ውስጥ ይከማቻል፥ የተከማቸውም አክታ ለተሐዋሲ መራቢያ ይሆናል።

አራተኛ፤ በደረትና በሆድ መካከል ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ የሚታዘዝበት ነርቭ ከልብ አጠገብ ስለሚያልፍ አንዳንድ ጊዜ ይጎዳል። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከልም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ያን ጊዜ ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል።

አምስተኛ፤ ሕመምተኛው እስኪነቃ ድረስ በጉሮሮው ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው ሕይወቱን ያቈየዋል፤ ነገር ግን ከአፍ የሚወርድ ተሐዋሲ በዚያው መንገድ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከዚህ የሚነሣው ሕመም የሳንባ ምች ይባላል።

እነዚህ ነገሮች በብዙው ሕመምተኛ ላይ በጥቂቱ ይታያሉ፤ በጥቂት ቀንም ያልፋሉ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ትንፋሹ ለጥቂት ቀን የከበደው ሰው ሁሉ ሊሞት ነው ማለት አይደለም።

፭. የትንፋሽ ማጠር እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል

ከብዙዎቹ ሕመምተኞች መካከል በጥቂቶቹ የሳንባው መቈጣት እየበረታ ይሄዳል። ሁለቱም ሳንባዎች ውሃ ይሞላሉ፤ በአፍንጫ የሚሰጠው ኦክሲጅን አይበቃም፤ ከንፈርና ጥፍር ይጠቍራል። እንዲህ ያለውን ሕመም በ1959 ዓ.ም. ዴቪድ አሽባውና ባልደረቦቹ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ12 ሕመምተኞች ላይ አይተው ለዓለም ገለጡት። የነዚያ ሰዎች ሕመም መነሻው ልዩ ልዩ ነበር፤ የአንዱ አደጋ፥ የሌላው ሳንባ የገባ በሽታ ነበር፤ ፍጻሜው ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በልብ ቀዶ ሕክምናም ምክንያት ይህ ሕመም እንደሚመጣ ታወቀ። የሚይዛቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከተያዙት ግን ብዙዎቹ ይሞታሉ።

መድኃኒቱ ጊዜ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሳንባ ቍጣው እስኪበርድለት ድረስ የመተንፈሻ መኪና ሥራውን ይሠራለታል። ነገር ግን መኪናው ራሱ በኀይል ቢነፋ የቈሰለውን ሳንባ ይጨምርበታል። በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካ 861 ሕመምተኞችን በሁለት ወገን ከፍሎ የመረመረ ጥናት ይህን በግልጥ አሳየ። እንደ ቁመታቸው ለሚገመተው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 12 ሚሊ ሊትር አየር እንዲነፋላቸው ከተመደቡት ከመቶው 40 ያህሉ ሲሞቱ፥ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተመደበላቸው ከመቶው 31 ሞቱ። ወናፍ የሚነፋ ሰው የተቀደደውን ስልቻ በቀስታ እንደሚነፋ ሁሉ፥ የተጎዳ ሳንባም በትንሽ በትንሹ ይነፋል። ከዚያም ወዲህ ሐኪሞች ይህን ሥርዓት ይከተላሉ።

ዘመድ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። ልጁ በመኪና ሲተነፍስ ያየ አባት፥ «ሞቶ ነው የሚያቈዩት» ብሎ ተስፋ እንዳይቈርጥ፥ ሐኪሙንም ልጁን በግድ እንዲለቅለት እንዳይጣላ ነው። መኪናው ለሚድነው ሰው የተሰጠ የማረፊያ ጊዜ ነው፤ የሚቆምበትንም ሰዓት ሐኪሙ ለቤተ ሰቡ ያስረዳል።

፮. ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ሕመምተኛው ተራውን በሚጠብቅበት ዘመን ሥራ ፈት መሆን የለበትም። የታዘዘለትን መድኃኒትና የፔኒሲሊን መርፌ ሳያቋርጥ ይውሰድ። የተበላሸ ጥርስ ካለው ይታከም፤ ከአፍ የሚነሣ ተሐዋሲ ወደ ደም ገብቶ ልብን ስለሚጎዳ ነው። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው ከብዙ ሳምንት አስቀድሞ ይተው። ሳል፥ ትኩሳት ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ለቀጠሮ ሲሄድ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። መንገዱ ስለ ራቀ፥ ገንዘቡም ስለ ወጣ ብሎ ሳሉን የሚደብቅ ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ የቈሰለ ሳንባ በቀዶ ሕክምናው ላይ ሲጨመር ይበረታልና።

ከሁሉ ይልቅ መተንፈስን መለማመድ ይጠቅማል። ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ረዥም አየር ይሳብ፤ እስከ ሦስት ያህል ቈጥሮ ይያዘው፤ ከዚያም በአፉ በቀስታ ያስወጣው። ይህን ከቀዶ ሕክምና በፊት የተለማመዱ ሰዎች በኋላ በሳንባ ምች የሚያዙት ካልተለማመዱት ያነሰ እንደ ሆነ በጥናት ታውቋል። ዋጋው ምንም ነው፤ ሐኪሙ እስከ ፈቀደ ድረስ በትምህርት ቤትም በቤትም ሊደረግ ይችላል። ልጁ ፊደል የሚቈጥር ከሆነ አስተማሪው በየዕለቱ ሊያስለምደው ይገባዋል።

፯. ሕመምተኛው ወደ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ

ከሆስፒታል የወጣ ሰው ጨርሶ የዳነ ይመስላል። ደስታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሳንባው ገና በመጠገን ላይ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ይጠበቁ።

ስለ ጭስ። በደጋው አገር ብርዱን ለመከላከል በሩ ተዘግቶ በቤት ውስጥ እንጨትና ኩበት ይነድዳል። ለጤነኛ ሰው ዓይኑን ብቻ የሚያቃጥለው ጭስ፥ ለቈሰለ ሳንባ እንደ ቍስል ላይ ጨው ነው። የሕመምተኛው መኝታ ከምድጃው ይራቅ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከቤት ይውጣ፤ የሚቻል ከሆነ ማድ ቤቱ ከመኝታው ቤት ይለይ። ሙቀት በጋቢና በብርድ ልብስ ይፈለግ።

ስለ ሸክም። የተከፈለው የደረት አጥንት በደንብ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው እንስራ አይሸከም፥ እርፍ አይጨብጥ፥ አህያ አይጫን፥ እንጨትም አይፍለጥ። መራመድ ግን ያስፈልገዋል፤ በየቀኑ በሜዳ ላይ ጥቂት እየጨመረ ይሂድ። ሁልጊዜ የተኛ ሰው ሳንባው ይጣበቃል።

ስለ ሳል። ሲያስለው ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎ ይሳል፤ ያን ጊዜ ሥቃዩ ይቀንሳል፥ አክታውም ይወጣል። የመተንፈሱንም ልምምድ አይተው።

ስለ መድኃኒት። ሰው ሠራሽ መዝጊያ የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒት ይወስዳል። ይህን መድኃኒት ማቋረጥም ከታዘዘው በላይ መውሰድም ይገድላል። ከእርሱም ጋር ሐኪም ሳያማክር የቅጠል መድኃኒት አይጠጣ። ጠበል የሚጠመቅም፥ ጾም የሚጾምም ሕመምተኛ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን አማክሮ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ።

ስለ ጠያቂዎች። ታማሚን መጠየቅ ደግ ልማድ ነው። ሆኖም ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ጠያቂ ከበር ሰላምታ ሰጥቶ ይመለስ፤ ብዙ ሰውም በአንድ ጊዜ በጠባብ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።

፰. የአደጋ ምልክቶችና ስለ «ምች» የሚባለው ስሕተት

ሳንባ ዳግመኛ የተቈጣ እንደ ሆነ የሚያስታውቁት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ዕረፍት ላይ ሆኖ ማለክለክ፥ ተጋድሞ መተኛት ማቃት፥ ትኩሳት፥ መግል የመሰለ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ፥ የእግር ማበጥ፥ የከንፈር መጥቈር፥ ከደረቱ ቍስል ፈሳሽ መውጣት፥ እንዲሁም የአእምሮ መደናገር። ሕመሙ የሳንባ ምች ይሁን፥ በደረት የቋጠረ ውሃ ይሁን፥ ወይም የልብ መድከም ይሁን ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው። የመንደሩ ሥራ ምልክቱን አይቶ ፈጥኖ ማድረስ ነው።

ትንፋሽ መቍጠርን ማንም የተማረ ሰው ሊያደርገው ይችላል። ሕመምተኛው አርፎ ተቀምጦ ሳለ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ሰዓት ተይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቈጠር። ከ5 ዓመት በላይ በሆነ ሰው በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሲወሰድም በቃሬዛ ላይ ጀርባው ከፍ ብሎ ተደግፎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይዘርጋ፤ ቀና ያለ ሰው ይቀልለዋልና። ምግብና መጠጥም በግድ አይስጡት። ከሆስፒታል የተሰጠው ወረቀትና የሚወስደው መድኃኒት አብሮት ይሂድ።

በዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሊታረም ይገባል። ሰው ላብ ይዞት ወይም በልቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ የሚያመውን ሕዝቡ ምች ይለዋል፤ ዳማከሴም አሽቶ ይሰጠዋል። የሳንባ ምች የተባለው ሕመም ከዚህ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ በነገሩ ይለያል። የሳንባ ምች ከተሐዋሲ የሚመጣ የሳንባ መቈጣት ነው፤ የዳማከሴ ሽታ ራስ ምታትን ቢያቀልል እንኳ ውሃ ወደ ሞላው የሳንባ ከረጢት አይደርስም። ልቡ የታከመ ሰው ሲያተኵሰው፥ «ምች ነው፥ እስከ ነገ ይቈይ» ማለት አንድ ሌሊት ማጥፋት ነው። ያች ሌሊት ደግሞ የሞትና የሕይወት ሌሊት ልትሆን ትችላለች።

፱. የአስተማሪውና የሽማግሌው ሥራ

አስተማሪው በየቀኑ ብዙ ልጆችን ስለሚያይ ከወላጅ ቀድሞ ሕመሙን ሊያውቅ ይችላል። ጉሮሮው የታመመውን፥ ጕልበቱ በየተራ የሚያብጠውን፥ በጨዋታ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያለከልከውን ልጅ ወላጁን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። የመርፌ ቀጠሮ ያለውን ልጅ ቀኑን በመዝገብ ይያዝለት፤ በቀጠሮው ቀን ስለ ቀረም አይቅጣው። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰውን ልጅ በሩጫና በሸክም አያስገድደው፤ ልጆቹም ጠባሳውን አይተው እንዳይዘባበቱበት ይገሥጻቸው።

ሽማግሌው ደግሞ በሰው ዘንድ የታመነ ስለ ሆነ ቃሉ ከወረቀት ይበልጣል። ወላጆች በሁለቱ ፍርሃት መካከል በቆሙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደጋ የለውም ብሎ አያታልላቸው፤ አደጋ አለውና። ነገር ግን የተበላሸው መዝጊያ ሳይታከም ሲቀር የሚመጣው ሞት የታወቀ እንደ ሆነ፥ የሳንባው መቈጣት ግን በጥንቃቄ ሊቀንስና ሊታከም እንደሚችል ያስረዳቸው። ዕድርና ማኅበርም ለቀብር እንደሚያዋጡት ሁሉ፥ ለመንገድና ለመድኃኒት ቀድመው ቢያዋጡ ብዙ ቀብር ይቀር ነበር።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የልብ መዝጊያ ሲበላሽ ሳንባ የሚታመመው ስለ ምንድን ነው?
2. የጉሮሮ ሕመም በስንት ቀን ውስጥ ቢታከም የልብን ሕመም ሊከለክል ይችላል?
3. ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባ የሚቈጣባቸውና ትንፋሽ የሚያጥርባቸው አምስቱ ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
4. ልቡ የታከመ ሰው እንጀራ በሚጋገርበት ቤት መቀመጥ የማይገባው ስለ ምንድን ነው?
5. ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ይቍጠር። ከሩጫ በኋላ ደግሞ ይቍጠር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ያረፈ ሰው በደቂቃ 30 ቢተነፍስ ምን ሊደረግለት ይገባል?